ምድር ዘገየች ያለው ሰው

ኢሳያስ መዋሸት አይችልም። ይህ ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ሕመም ብትቆጥሩት ይቀላል። ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው ከበዛበት «ጨው በዝቶበታል» ይላል። የጓደኛው ሚስት «ወፈርኩ እንዴ?» ብትለው፣ ቆም ብሎ አይቷት፣ «አዎ፣ ከፋሲካ ወዲህ» ይላል። ሚስቱ ብርቅዬ ለቅሶ ቤት ስትወስደው እንኳ መኪና ውስጥ አስጠንቅቃው ነው፤ «እግዜር ያጥናችሁ በልና አፍህን ይዘህ ተቀመጥ፤ ስለ ሟቹ ምንም እንዳትናገር።»

በደርግ ጊዜ ወልድያ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የአንድ ካድሬ ልጅ በፈተና ከመቶ አሥራ አራት አመጣ። ዳይሬክተሩ ክፍሉ ድረስ መጥቶ «ሃምሳ አድርጋትና ሁላችንም እንረፍ» ቢለው፣ ኢሳያስ ወረቀቱን እንደገና አየና «ይቅርታ፣ ለካ ተሳስቻለሁ፤ አሥራ ሁለት ነው» አለ። በወሩ በሱዳን በኩል እግሬ አውጪኝ አለ።

አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ከፎቆቹ በአንዱ አሥራ አራተኛው ላይ፣ ከብርቅዬና ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ከፅዮን ጋር ይኖራል። ኢስት ዮርክ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ኬርቴከር ነው፤ ጧት በር የሚከፍተው፣ ማሞቂያውን የሚያስነሳው፣ በረዶ ሲጥል ደረጃው ላይ ጨው የሚበትነው፣ ወለሉን የሚወለውለው እሱ ነው። ሰሌዳ ሲያጠፋ ስህተት ካየ ሳያርም አያልፍም። የዐባይን ርዝመት ማን እንዳስተካከለላቸው የዚያ ክፍል ተማሪዎች እስከ ዛሬ አያውቁም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው እናቱን በገዛ አፉ አስፈራርቶ ሊያጣቸው የነበረው።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ በ2012፣ በሰኔ ወር ማለቂያ ላይ ነው። ያን ዕለት በዓለም ሰዓቶች ሁሉ ላይ አንድ ሰከንድ ተጨመረች። ኢሳያስ እንደ ሠርግ ቀን ሲጠብቃት ሰንብቶ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሚስቱንና ልጁን ወጥ ቤት ሰብስቦ፣ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ፣ «አሁን! አሁን ተጨመረች!» ብሎ ጮኸ። ፅዮን ጣሪያውን አየች፣ አባቷን አየች፤ «ዳድ፣ ናቲንግ ሃፕንድ» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ብርቅዬ ሽንኩርቷን መክተፏን አላቋረጠችም።

ሰው ደስታውን የሚካፈልለት ሲያጣ ወደ እናቱ ይሮጣል። በማግስቱ እሑድ እናቱ ወደሚኖሩባት ወደ መርሳ ደወለ። ወይዘሮ የኔነሽ ከቤተ ክርስቲያን ገና መግባታቸው ነበር።

«እማ! ምድር እየዘገየች ነው!»

«ምን አጥፍተን?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ።

«ምንም አላጠፋንም። ጨረቃ ናት። ባሕሩን እየጎተተች አዟዟሯ ላይ ፍሬን ትይዝባታለች። ደግሞ ጥቂት ናት፤ አንዷን ሰከንድ ሺህ ቦታ ብትቆርጪያት፣ ከዚያ ሁለቷን ቁራጭ ያህል ነው በመቶ ዓመት አንድ ቀን የሚረዝመው። ግን እየተጠራቀመ ሰዓቱ ይቀድማታል። ስለዚህ ትናንት አንድ ሰከንድ ጨምረው ጠበቋት።»

«ጠበቋት» አሉ እናቱ ለራሳቸው። «ወይ መድኃኔ ዓለም። ደከማት ማለት ነው።»

ኢሳያስ ሳቀ። ባልሳቀ!

አምስት ወር አለፈ። ስምንት ዓመት የተጠበቀው የወይዘሮ የኔነሽ የስፖንሰር ጉዳይ በኅዳር አለቀና ቪዛው መጣ። ደስታው ግን ቀነ ገደብ ይዞ ነበር የመጣው፤ የሐኪም ምርመራቸው አንድ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣ እስከ ታኅሣሥ አሥራ አራት፣ ማለትም በፈረንጅ ዲሴምበር ሃያ ሦስት ድረስ ካናዳ ካልገቡ ቪዛው ይቃጠላል። ሴትዮዋ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያን ምርመራ ያለፉት ደም ግፊታቸው ለአንድ ቀን ስለራራላቸው ነው እንጂ፣ ዳግመኛ ምርመራ፣ ዳግመኛ ወረፋ የሚባል ነገር እንደማይሆንላቸው ኢሳያስ ያውቃል። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ያገኛቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቲኬት ተቆረጠ፤ ሐሙስ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ሌሊት ተነሥተው ዓርብ ጧት ቶሮንቶ። እናቱም ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ፣ ታናሽ እኅቱ ዓለምሸት ቤት ገቡ።

ታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ሰኞ ጧት፣ ዓለምሸት ደወለች። ኢሳያስ ትምህርት ቤቱን ከፍቶ፣ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ አልሄድም አለችኝ።»

«ማን?»

«እማ ናታ! አገሩ ሁሉ ወሬው አንድ ሆኗል። በሞባይል መልእክት እየተላከ ነው። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ምድር ትቆማለች፣ ሦስት ቀን ጨለማ ይሆናል ይላል። በስንቱ ነገርኳት። የነፍስ አባቷ ራሳቸው መጥተው 'የፈጣሪን ቀን ማንም አያውቀውም፣ ይሂዱ' ቢሏት ምን አለቻቸው መሰለህ? 'አባቴ፣ እርስዎ ጂኦግራፊ አልተማሩም፤ ልጄ ግን ተምሯል። እሱ ከሰኔ ጀምሮ እየዘገየች ነው ብሎኛል።'»

ኢሳያስ ከባልዲው ላይ ተነሣ።

«ስጫት» አለ።

ወይዘሮ የኔነሽ ስልኩን ተቀበሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የፈራ ሰው ሳይሆን የወሰነ ሰው ድምፅ።

«ኢሱዬ፣ እቀራለሁ አላልኩም እኮ። ሦስቱ ቀን ይለፍና እመጣለሁ።»

«ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ቪዛውም ያልፋል እማ! ወሬ ነው፣ ተረት ነው!»

«እሺ፣ እንዳልክ። እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ጧት አንድ ሰዓት።»

«ነግቷል?»

መዋሸት የማይችል ሰው በትንሿ መስኮት ወደ ውጭ አየ። የመንገድ መብራቱ ገና እንደበራ ነው።

«ገና ነው።»

«አንድ ሰዓት ሆኖ አልነጋም?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። «ሰኔ ላይ 'ፀሐይዋ እዚህ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አትጠልቅም' አልከኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 'በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል' አልከኝ። ሰባ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች። ልጄ፣ ይቺ ምድር እናንተ ጋ አካሄዷ ከተበላሸ ቆይቷል። ሊነግሯችሁ ፈርተው ነው።»

«እማ፣ እሱ ሌላ ነው፤ ከመዞሯ ጋር አይገናኝም። ምድር ስላጋደለች ነው።»

«አጋደለች?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «በስመአብ! ጭነቷ ያጋደለ አህያ የት ትደርሳለች?»

ያን ቀን ኢሳያስ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው በተነ። ሦስተኛ ሊደግም ሲል ነው ርእሰ መምህሯ አይታ የተገረመችው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ እህልም አይወርድም። ቀኑን ሊያስቀይር ቲኬት ሻጩ ጋ ደወለ፤ የፈረንጅ ገና ስለሆነ ከታኅሣሥ አሥራ ስምንት በፊት ክፍት ወንበር የለም። ኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ጠየቀ፤ ቪዛው አይራዘምም። በየጧቱ ደወለ። በየጧቱ እያስረዳ ነገሩን አባሰው፤ የሚያስረዳው ሁሉ እውነት ነዋ! «በጣም ጥቂት ነው የምትዘገየው» ባለ ቁጥር «መዘግየቷንስ አልካድክም» ይሉታል። «ለመቆም ስፍር ቁጥር የሌለው ዘመን ይፈጅባታል» ሲል «የጀመረችው መቼ ነው?» ይሉታል። ከእንግዲህ ምን ይባላል?

የባሰው ደግሞ እሱ ራሱ መጨነቅ መጀመሩ ነው። አትስቁበት። ሰው አንድን ነገር በቀን አሥር ጊዜ «አይሆንም» ካለ፣ በአሥራ አንደኛው ድምፁን መጠራጠሩ አይቀርም። ረቡዕ ጧት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰዓቱን ይዞ፣ ፀሐይዋ ጋዜጣው ባለው ደቂቃ መውጣት አለመውጣቷን ሊያይ ቆመ። ሰማዩ ደመና ነበር፣ ምንም አላየም። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው የጂኦግራፊ መምህር ፀሐይ እንዳትቀርበት ሲጠብቅ! አፈረ፤ በማግስቱ ግን እንደገና ቆመ።

ቅዳሜ ጧት ቤቱ ሆኖ ሲደውል ብርቅዬም ፅዮንም አጠገቡ ነበሩ። ፅዮን የአባቷ ጭንቀት ተጋብቶባት ኮምፒውተር ላይ አንድ ካርታ አግኝታ ነበር፤ ምድር መዞር ብታቆም ባሕሩ የት እንደሚሆን የሚያሳይ። ባሕሩ ወደ ምድር ወገብ የተሰበሰበው በመዞሯ ነው፤ መዞሯን ከተወች ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሸሻል። በዚያ ካርታ ላይ ካናዳ ሰማያዊ ነች። ወገቧ ላይ ግን ምድርን ዙሪያዋን የሚያካልል ደረቅ መሬት አለ፤ ኢትዮጵያም እዚያው ውስጥ ነች።

«ዳድ፣ ቶሮንቶ ኢዝ ጎን» አለች ፅዮን። «አያቴ ግን ሺ ኢዝ ፋይን።»

«ዝጊው!» አለች ብርቅዬ።

ወይዘሮ የኔነሽ ከወዲያ ማዶ በረጅሙ ተነፈሱ። «ኢሱዬ፣ ትምህርቱን ተወው፤ አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አያድርገውና ብትቆም፣ የቱ ይሻላል? እዚህ ወይስ እዚያ?»

ብርቅዬ የባሏን ፊት አየች፤ ሊናገር ያሰበውም ገባት። በእጇም በዓይኗም ለመነችው። ኢሳያስ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«በውሃው በኩል ከሆነ… እዚያ ይሻላል» አለ። ቀጥሎም እውነቱ ጎዶሎ እንዳይሆን፣ «አየሩ ግን ይሳሳል» አለ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ እናቱ። «ሰው ሁሉ ሲሸነግለኝ አንተ እውነቱን ነገርከኝ። ማክሰኞ ወደ መርሳ እመለሳለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ብርቅዬ የያዘችውን ፎጣ ወለሉ ላይ ወረወረችው። «የካድሬው ልጅ አሥራ ሁለት ያገኘ ዕለት ነበር አንተን ማወቅ! ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ወረቀት ስንሞላ ከርመን፣ 'አየሩ ይሳሳል'? አንተ ሰውዬ፣ እውነትህ ማንን ጠቀመ? አንዲት ውሸት አጥተህ እናትህን ልትቀብራት ነው?»

ኢሳያስ ተነሥቶ ኮቱን ለብሶ ወጣ፣ ሕንፃዎቹን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ጆሮው እስኪደነዝዝ። እናቱ መርሳ ላይ ብቻቸውን፣ ደም ግፊታቸው ሲነሣ ውሃ እንኳ የሚያቀብላቸው ሳይኖር ታዩት። ሬሳቸውን በስልክ ሲቀብር ታየው። አለቀሰ፤ ነፋሱ ነው የሚል ሰው ቢያገኝ ኖሮ «አይ፣ እያለቀስኩ ነው» ይለው ነበር።

ዓለምሸት የመርሳውን መንገድ በመከራ፣ በለቅሶ አንድ ቀን አስቆየችው። ረቡዕ መጣ። ኢሳያስ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ማሞቂያው ክፍል ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። የሚናገረውን ወረቀት ላይ ጽፎት ነበር።

«እማ፣ ተሳስቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«ምድር አትዘገይም። ያቺ ሰከንድ… ስህተት ነች። ፈረንጆቹ ናቸው የተሳሳቱት። በኅዳር መልሰው ቀነሷት።»

«ቀነሷት?»

«ቀነሷት። ይቅርታም ጠየቁ።»

«ማንን?»

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። «ሁሉንም» አለ ኢሳያስ።

«በአሥር ሰዓት ተኩል የሚጨልመውስ?»

«ደመና ነው።»

«ውሃውስ?»

«ፅዮን ካርታውን ዘቅዝቃ ይዛው ነው።» አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቢሰሙት ምን ይሉት ይሆን? «እማ፣ እባክሽ። ነይልኝ።»

ካርዱ ያለቀ መሰለው። ማሞቂያው ያጉረመርማል፤ ላይ ልጆች መግባት ጀምረዋል፣ ጫማቸው ይሰማል። ከዚያ ወይዘሮ የኔነሽ «እሺ» አሉ። «እመጣለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፍር ነበር። ኢሳያስ ግን የሠራው ኃጢአት እንደ ድንጋይ ከበደው። አሮጊት እናቱን አታሎ አውሮፕላን ላይ ሊያስወጣ ነው። በሰማይ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ? የመጨረሻ የሰሙት የልጃቸው ቃል ውሸት ሆኖ ሊቀር? ሐሙስ ቀን ሙሉ ሥራው ላይ ሆኖ አእምሮው ቦሌ ነበር። ዓለምሸት «ገባች፣ እኔ እያየሁ አለፈች» ብላ ስትደውል እንኳ አላመነም፤ «ዞራ አለመውጣቷን ጠብቂ» አላት።

ዓርብ ጧት ኤርፖርት በሁለት ሰዓት ደረሰ። ከውጭ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ይጮሃል፤ ሰማዩ አመድ ነው። ሰሌዳው ላይ የአዲስ አበባው በረራ አጠገብ «ዘግይቷል» የሚለው ቃል ወጣ። ከቃል ሁሉ ይህን! ኢሳያስ ከሰሌዳው ሥር አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። ጎኑ የነበረች ሴት «ነፋሱ እስኪበርድ ላይ እየዞረ ነው አሉ» ስትል፣ ሰሌዳውን እንደገና አነበበ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ «አርፏል» አለ። ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሰው ሁሉ እየወጣ እሳቸው ብቻ ሳይወጡ። ወረቀት ጎድሎ ይሆን? ታመው ይሆን?

በመጨረሻ የሚንሸራተተው በር ተከፈተና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ሴትዮ ወጡ። እሱ ከሚያስታውሳቸው ግማሽ የሆኑ መሰለው። ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ሳሙት፣ ሽበቱን ዳሰሱ፤ ሁለቱም አልቅሰው ሲያበቁ ወይዘሮ የኔነሽ በመስታወቱ ወደ ውጭ አዩ።

«ደመና ነው?» አሉ።

«ደመና ነው» አለ ኢሳያስ። ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

ቤት ገብተው፣ ብርቅዬ ያዘጋጀችው የጾም ምግብ ተበልቶ፣ ፅዮን ከአያቷ ጋር ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በእጅ አውርታ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ደመናውን ጠረገው። እናቱ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ። አሥር ተኩል። ፀሐይዋ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ፣ ሁሉም እያያት፣ ከፎቆቹ ኋላ ገባች፤ ቶርንክሊፍ ፓርክ ጨለመ።

ወይዘሮ የኔነሽ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት። ኢሳያስ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ዋሽቼሽ ነው እማ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ። ፈረንጅ ይቅርታ ጠየቀ ስትል።»

«ታዲያ… ካወቅሽ ለምን መጣሽ?»

ወይዘሮ የኔነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አባትህ ሆስፒታል ሳለ የሞተ ጊዜ አገር ሁሉ መርዶውን ደብቆ 'ታሟል' ሲለኝ፣ ከዚህ ደውለህ 'ሞቷል' ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ዕለት እንኳ አልዋሸኸኝም። ረቡዕ ዕለት ስትንተባተብ ብሰማህ፣ ልጄ እስኪዋሽ ድረስ ከቸገረው መሄድ አለብኝ አልኩ።»

«እና አሁን ምድር እንደማትቆም አመንሽ?»

«ኧረ ትቆማለች!» አሉ። «ዛሬ ገና አንደኛው ቀን ነው። ውሃውም የሚመጣው እዚህ እንደሆነ አንተው ነግረኸኛል። ታዲያ አንተን ውሃ ሲወስድህ እኔ ደረቅ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?»